በቤት ውስጥ ሕፃናት ማዋል፦ ስለ ዕድሜ ገደብ የሚወራውና እውነታው

ጅማ ውስጥ በየሰፈሩ ክፍያ እየተቀበሉ የጎረቤት ልጆችን በቤታቸው የሚያውሉ ሴቶች አሉ። ልጆቹን የሚያመጡት እናቶች ከዩኒቨርሲቲው፣ ከሆስፒታሉ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከቡና ለቀማም ናቸው። ታዲያ ስንት ልጅ፣ በየትኛው ዕድሜ ይያዛል በሚለው የዕድሜ ገደብ ላይ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሕግ አዋቂ ይሆናል። ግማሹ ወሬ ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች የመጣ ነው፤ ግማሹ ከጤና ጣቢያ። የተቀረው ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው።

«በአሜሪካ ሕግ አንድ ሴት ስድስት ልጅ መያዝ ትችላለች»

በዚህ ጉዳይ «የአሜሪካ ሕግ» የሚባል አንድ ሕግ የለም። ስንት ልጅ፣ በየትኛው ዕድሜ የሚለውን እያንዳንዱ ስቴት ለራሱ ይወስናል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሕጋቸው ግን አይመሳሰልም። ሜሪላንድ ውስጥ በመደበኛው ፈቃድ በቤቷ የምታውል ሴት ከ8 በላይ ልጅ አትይዝም። ብቻዋን ከሆነች ደግሞ ከ8ቱ ውስጥ ከ2 ዓመት በታች ያሉት ከሁለት መብለጥ የለባቸውም።

ቨርጂኒያ የሚሠራው በነጥብ ነው። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ፤ የነገሩን ልብ ያሳያል። ለአንድ ተንከባካቢ 16 ነጥብ ይሰጣል። ከ16 ወር በታች ያለ ሕፃን 4 ነጥብ ይወስዳል። ከ16 እስከ 23 ወር ያለው 3፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው 2፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያለው 1 ነጥብ ነው። 10 ዓመት የሞላው ነጥብ የለውም። እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አራት ጨቅላ ከያዘች 16 ሞላ፤ አምስተኛ ልጅ የለም። ሁለት ጨቅላና አራት የሦስት ዓመት ልጆች ቢሆኑም ያው 16 ነው። ልጆቹ ሁሉ የሦስት ዓመት ከሆኑ ግን ስምንት ትይዛለች።

ስድስት የሚለው ቁጥር እንግሊዝ አገር አለ። እዚያ በቤቷ የምታውል ሴት ከ8 ዓመት በታች ያሉ እስከ 6 ልጆች ትይዛለች። ግን ከስድስቱ ውስጥ ለትምህርት ቤት ያልደረሱት ከሦስት አይበልጡም፤ ዓመት ያልሞላው ደግሞ በመደበኛው አንድ ብቻ ነው። ወሬው ባሕር ሲሻገር «ስድስት» ደረሰች፣ «ግን» ቀረች።

እነዚህ ሕጎች ጅማ ላይ አይሠሩም። እዚህ ለመክፈት ያሰበ ሰው መጀመሪያ በከተማው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘውን ቢሮ ይጠይቅ። ምክንያታቸው ግን እዚህም ያው ነው። የዕድሜ ገደቡ የሚቆጥረው የሰው እጅ ነው። ቤቱ ጭስ ቢሞላ አንድ ሰው ስንት ሕፃን ታቅፎ መውጣት ይችላል? የአራት ዓመቱን «ና ውጣ!» ትሉታላችሁ። የስድስት ወሩ ግን የሚሸከመው ሰው ከሌለ መውጫ የለውም።

ጅማ ደግሞ ዝናቡ ረጅም ነው። በር ተዘግቶ ከሰል ተቀጣጥሎ ይዋላል። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለው ትንንሾቹን ቀድሞ ይጎዳል። ጀበናውም ምድጃ ላይ ነው፤ የሚድህ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ያየውን ሁሉ ይይዛል። ልጆች በሚውሉበት ክፍል ውስጥ ቡና ባይፈላ ይሻላል። በጅማ ይህን ማለት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

«የራሴ ልጆች አይቆጠሩም»

ይቆጠራሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ያለ የቤት ልጅ ይቆጠራል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ10 ዓመት በታች ያለው። የራስ ልጅ ስለሆነ ዓይን አያስፈልገውም ማለት አይደለም።

«ስድስት ወር ያልሞላው ማቆያ አይገባም»

ስድስት ወር የሚለው ቁጥር ሰው ሁሉ አፍ ላይ የገባው ከጤና ኤክስቴንሽን ነው። የሚናገረውም ስለ ምግብ ነው፦ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ወተት ሌላ ውኃም አይሰጠው ማለት ነው። የእናቲቱ ፈቃድ ግን እስከዚያ አይቆይም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ይሰጣል። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ እናት 90ው ቀን 15 ሳምንት ነው። ልጁ ገና አራት ወር ሳይሞላው እሷ ሥራ ላይ ናት። (አባት በዚሁ አዋጅ የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ስለዚህ እሱ ይያዝ ማለቱም አያስኬድም።)

ስድስት ወር እስኪሞላው ለሚቀሩት ሁለት ወራት ገደማ የታለበ የጡት ወተት ይሠራል። ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ በክፍል ሙቀት ቢበዛ ለአራት ሰዓታት፣ በፍሪጅ ቢበዛ ለአራት ቀናት ይቆያል። መብራት ከሄደ ፍሪጁን አትመኑት። የዚህ ዕድሜ ሕፃን ሲተኛ ደግሞ በጀርባው ይተኛ፤ ፊቱ አጠገብ ትራስም ሆነ ወፍራም ጋቢ አይቀመጥ።

«ማቆያ ማለት ትንሽ ኬጂ ነው»

አይደለም። አሁን ባለው የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ሲሆን አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አስቀምጦ «ሀሁ» ማስቆጠር ለወላጅ ደስ ሊለው ይችላል። ልጁ ግን የሚፈልገው መሮጥ፣ መብላት፣ መተኛትና የሚያናግረው ሰው ነው።

«የምትረዳኝ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ግን ጎበዝ ናት»

ስለ ዕድሜ ስናወራ ሁልጊዜ የሚታሰበው የሚጠበቀው ልጅ ነው። የጠባቂዋስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለሥራ ዝቅተኛውን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎታል፤ እስከ 18 ያሉትም ወጣት ሠራተኛ ተብለው የተለየ ጥበቃ አላቸው። «የቤት ሠራተኛ እኮ በአዋጁ አትሸፈንም» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጭ ነው። ግን በየወሩ ከአምስት ወላጅ ገንዘብ የሚቀበል ቤት ትርፍ የለውም ሊባል ነው? እንግሊዝ ውስጥ 17 ዓመት ያልሞላት ረዳት በመደበኛው ከጠባቂ አትቆጠርም። ቨርጂኒያም ከ18 በታች ያለችን ረዳት ከሕፃናት ጋር ብቻዋን መተው አይፈቀድም። ከቤት «አሁን መጣሁ» ብሎ ገበያ መውጣት እዚህ ላይ ነው ችግር የሚያመጣው። ሐሙስ ቀን ሒርማታ ገበያ ገብቶ «አሁን» የወጣ ሰው ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

«ዕድሜውን እናቱ ነግራኛለች»

እናት ልጇን ለማስገባት ስትል ወር ትጨምራለች፣ ክፍያ እንዲቀንስላት ደግሞ «ትልቅ ነው፣ አያስቸግርም» ትላለች። ልደት በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የልደት ምስክር ወረቀት ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ የክትባት ካርድ ጠይቁ። ካርዱ ላይ የትውልድ ቀን አለ፤ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቶች፣ ከዚያም የ9 እና የ15 ወር የኩፍኝ ክትባት ተጽፎበታል። ዕድሜውን ታረጋግጣላችሁ፤ ኩፍኝ ለሌሎቹ እንዳያመጣም ታውቃላችሁ። ካርዱ ጠፋኝ የምትል እናት ካለች፣ ልጇ የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ስላለው እዚያ ሄዳ ትጠይቅ።