አሃድ ሲቀየር መቼ ይባዛል፣ መቼስ ይካፈላል?

ተማሪዎች ኪሎሜትርን ወደ ሜትር ሲቀይሩ «በ1,000 ላባዛ ወይስ ላካፍል?» ብለው የሚቸገሩት አሃዱን ከቁጥሩ ነጥለው ስለሚጥሉት ነው። አሃድም እንደ ቁጥር የሚባዛ፣ የሚካፈልና የሚጣፋ መሆኑን መምህሩ አስቀድሞ ካስረዳቸው ጥያቄው ራሱ ይቀራል። 1 ኪሎሜትር ከ1,000 ሜትር ጋር እኩል ስለሆነ፣ አንዱን ለሌላው ስናካፍል የምናገኘው ክፍልፋይ ዋጋው 1 ነው፤ በ1 ማባዛት ደግሞ መጠንን አይለውጥም። ከሁለቱ ክፍልፋዮች (1,000 ሜ/1 ኪሜ ወይም 1 ኪሜ/1,000 ሜ) የሚመረጠው የማንፈልገውን አሃድ የሚያጣፋው ነው።

ለምሳሌ በሰዓት 72 ኪሎሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚጓዝ ለማወቅ፣ 72 ኪሜ/1 ሰዓት × 1,000 ሜ/1 ኪሜ × 1 ሰዓት/3,600 ሰከንድ ብለን እንጽፋለን፤ ኪሎሜትሩ ከኪሎሜትር፣ ሰዓቱም ከሰዓት ጋር ተጣፍቶ በሰከንድ 20 ሜትር ይቀራል። የመጀመሪያው መቀየሪያ ክፍልፋይ (1,000 ሜ/1 ኪሜ) ተገልብጦ ቢገባ ኖሮ፣ ለፍጥነት የማይሆን ኪሜ² ብቅ ብሎ ስህተቱን ያጋልጥ ነበር፤ በእኔ እይታ የዘዴው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው ስፋት ነው። ሜ² ማለት ሜትር ሲባዛ በሜትር ስለሆነ፣ 100 ሴሜ/1 ሜ የሚለው ክፍልፋይ ሁለት ጊዜ መግባት አለበት፤ ስለዚህ 1 ሜ² 100 ሳይሆን 10,000 ሴሜ² ነው። በይዘት ጊዜ ሦስት ጊዜ ይገባና 1 ሜ³ 1,000,000 ሴሜ³ ይሆናል።