ተጨማሪ በጀት ምንድን ነው?

በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ተጨማሪ በጀት ክርክር በተነሣ ቁጥር በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን እስከ ዓለም ከተማ አንድ አስተያየት ይዞራል፤ «ለሕዝብ የመጣውን ገንዘብ ተቃዋሚው ተቃወመ» የሚል። አንዱ ጽፎት ሌላው ሲያጋራው እውነት እየመሰለ ሄዷል። በአንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሁለት ስሕተት አለ። የመጣ ገንዘብ የለም፤ ድምፅ የተሰጠውም ለሕዝብ በተባለው ድጎማ ላይ ብቻ አይደለም።

በጀት የወጪ ፈቃድ ነው። ምክር ቤቱ ሲያጸድቅ የተቆለለ ብር አያድልም፤ አስፈጻሚውን «በዚህ ዓመት ለዚህ ሥራ እስከዚህ ድረስ ማውጣት ትችላለህ» ይለዋል። ተጨማሪ በጀት ማለት ያንን ጣሪያ በዓመቱ መካከል በአዋጅ ከፍ ማድረግ ነው።

የመንዝ ገብስ አምራች ነገሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ገብሱ ገና ማሳ ላይ እያለ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ይህን ያህል ለዘር፣ ይህን ያህል ለቀለብ፣ ይህን ያህል ለዕዳ ብለው ይደለድላሉ። የፌዴራሉ በጀት ዓመትም ሐምሌ 1 ሲጀምር ግብሩ አልተሰበሰበም። ጥር ላይ ቀለቡ ሊያልቅ ነው እንበል። ከአንዱ ድርሻ ቀንሶ ለሌላው ማዋል ይቻላል፤ ይህ የበጀት ዝውውር ይባላል፣ ድምሩን አይነካም። ለክፉ ቀን የተለየውን መክፈትም ይቻላል፤ እሱ መጠባበቂያ ነው። ከድልድሉ በላይ እናውጣ ብሎ መወሰን ግን ሌላ ነው፤ ተጨማሪ በጀት የሚባለው ይኸኛው ብቻ ነው። ውሳኔው በራሱ አንድ ቁና እህል ወደ ጎተራው አያስገባም። ወይ በልጉ ከታሰበው በላይ መስጠት አለበት፣ ወይ በግ ይሸጣል፣ ወይ ከጎረቤት ይበደሩታል። እማወራዋ «በምን ልንከፍለው ነው?» ብላ ብትጠይቅ ልጆቹ ጦማቸውን ይደሩ ማለቷ አይደለም። ብድር ከሆነ የመጪው ዓመት ቀለብ ከዛሬ ተነካ ማለት ነውና መጠየቅ ግዴታዋ ነው።

ዝውውርን በተመለከተ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። በፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 መሠረት ከካፒታል በጀት፣ ማለትም እንደ መንገድ ላለ ግንባታ ከተያዘው፣ እንደ ደመወዝ ላለ የዕለት ተዕለት ወጪ ወደተያዘው መደበኛ በጀት ማዛወር አይፈቀድም። ዘር አይበላም እንደማለት ነው። ስለዚህ «ለደመወዝ ከመንገዱ ቀንሰው ለምን አልከፈሉም?» የሚለው ጥያቄ በዝውውር አይመለስም።

ምሳሌው የሚሰናከልበት ቦታም አለ። ገበሬ ገብስ ማተም አይችልም፤ መንግሥት ግን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ከተበደረ አዲስ ገንዘብ ወደ ገበያ ይገባል። ያ ገንዘብ ዋጋ ሲያንር መጀመሪያ የሚመታው ገቢው ቁርጥ የሆነውን ሰው ነው፤ ጡረተኛውን፣ መምህሩን፣ የቀን ሠራተኛውን። ድጎማው በአንድ እጅ የሰጠውን የዋጋ ንረቱ በሌላው ይወስደዋል። እንግዲህ «ምንጩ ምንድን ነው?» የሚለው የፋይናንስ ጥያቄ ራሱ የማኅበራዊ ፖሊሲ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ለያይቶ ምንጭ የጠየቀውን ሁሉ ደሀ ጠል አድርጎ ማቅረብ ክርክሩን አለመከታተል ነው።

የ2017ን በጀት እንውሰድ። መጀመሪያ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ 451.3 ቢሊዮን ለመደበኛ፣ 283.2 ለካፒታል፣ 222.7 ለክልሎች ድጋፍ፣ 14 ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ። በጀት ዓመቱ በተጀመረ በ22ኛው ቀን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ኅዳር 2017 ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር 60 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን አይቶ «መንግሥት ይህን ያህል ገንዘብ አገኘ» ብሎ የጻፈ ሰው የሚከተለውን ሒሳብ ይሥራ። የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አንዱ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 57 ሚሊዮን ብር ነው፤ በ120 ብር ሲመነዘር 120 ሚሊዮን ይሆናል። ዕዳው በአንድ ዶላር አልጨመረም፤ የ63 ሚሊዮን ብሩ ልዩነት ግን የወጪ ፈቃድ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ወጪ ከደመወዝ ማሻሻያው፣ ከማዳበሪያው፣ ከነዳጁና ከመድኃኒቱ ድጎማ ጋር በአንድ አዋጅ ተጠቃልሎ ነው የቀረበው።

ወደ ድምፁ ስንመጣ የሚያናድደው ነገር እዚህ ነው። ረቂቁን የሚያዘጋጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። በመጨረሻ እጅ የሚወጣው በጠቅላላው አዋጅ ላይ ነው። አንድ አባል «ለማዳበሪያው ደግፌያለሁ፣ ለብድሩ ተቃውሜያለሁ» ብሎ ድምፁን ከፍሎ መስጠት አይችልም። ሐሳቡን የሚለይበት ቦታ ክርክሩ ነው፤ ማሻሻያ ያቀርባል፣ ተቀባይነት ካጣ ጠቅላላውን ይደግፋል፣ ይቃወማል፣ ወይም ድምፀ ተአቅቦ ያደርጋል። ስለዚህ ከድምፅ ቆጠራው ብቻ ተነሥቶ «ማዳበሪያ ተቃወመ» የሚል ሰው የተናገረውን አላዳመጠም። «ዕዳ ተቃወመ» እያለ የሚያሞግሰውም ያው ነው። ቃለ ጉባኤው ውስጥ የጠየቀውን ይፈልጉ።

አንድ ድምፅ ምን ይፈይዳል የሚሉም አሉ። ከ2002 ምርጫ በኋላ 547 መቀመጫ በነበረው ምክር ቤት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነበሩ። ውጤት መቀየር አይችሉም ነበር፤ አንድ ሚኒስትር በይፋ መልስ የሰጠበት ጥያቄ ግን መዝገብ ላይ ይቀራል፣ በዓመቱ ማብቂያ ከአፈጻጸሙ ጋር ይመሳከራል።

ጥሩ ጥያቄ ከመጥፎው የሚለየው በዝርዝሩ ነው። «ሕዝቡ ተቸግሯል» ማለት ንግግር እንጂ የበጀት ጥያቄ አይደለም። ከተጨማሪው ውስጥ ስንቱ ከግብር፣ ስንቱ ከውጭ ዕርዳታና ብድር፣ ስንቱ ከሀገር ውስጥ ብድር ነው? የሀገር ውስጡስ መንግሥት ለባንኮችና ለሌሎች ገዢዎች በሚሸጠው የብድር ወረቀት፣ በግምጃ ቤት ሰነድ ነው ወይስ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ? የመጀመሪያው በጀት እስከዚህ ወር ስንት በመቶ ሥራ ላይ ዋለ? ጣሪያው ሳይነካ ጣሪያ ይጨመር ከተባለ ምክንያቱ መነገር አለበት። ማዳበሪያ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጠቅላላው ቢሊዮን ብቻውን ምንም አይናገርም። በኩንታል ስንት ብር ይደጎማል፣ ለስንት ኩንታል? ሁለቱ ቁጥሮች ከተለዩ የሞረትና ጅሩ ስንዴ አምራች የሚደርሰውን ያውቃል። የኩንታሉ ብዛት ካልተነገረ የድጎማው ገንዘብ መሐል ላይ አልቆ የመጨረሻዎቹ ገበሬዎች በሙሉ ዋጋ ሊገዙ ይችላሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰሜን ሸዋን በቀጥታ የሚነካው ነው። የፌዴራሉ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ ማለት ወረዳ ላይ ተከፈለ ማለት አይደለም። የመሐል ሜዳ ነርስ ወይም የእነዋሪ መምህር ደመወዙ የሚወጣው ከወረዳው በጀት ነው፤ ወረዳው ከክልሉ፣ ክልሉም ከራሱ ገቢና ከፌዴራል ድጋፍ ያገኛል። ክልሎች ድጋፉን የሚከፋፈሉበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ አንድን የተወካዮች ምክር ቤት አባል «ለዞናችን ድርሻ አላስጨመርክም» ብሎ መውቀስም ቦታው አይደለም። ከፌዴራል የሚላከው ከጨመረ የክልሉ ምክር ቤት የራሱን ተጨማሪ በጀት ማጽደቅ አለበት፣ ከዚያ የወረዳው ምክር ቤት። ይህ ሳይሆን የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በሒሳብ መደብ 6111፣ ማለትም በቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ላይ፣ ከተፈቀደለት በላይ ቢከፍል ኦዲት ይይዘዋል። ጭማሪው የዘገየበት ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያጣራው የወረዳው ምክር ቤት ተጨማሪውን አጽድቆ እንደሆነ ነው። ካጸደቀ ጥያቄው ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ካላጸደቀ ከክልሉ የተላከ የድልድል ደብዳቤ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ።