የሶል ድምፃውያን የፊልም ማጀቢያ አልበሞች

ለፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ መድረስ ለረጅም ጊዜ ኖታ ጸሐፊዎችና ኦርኬስትራ መሪዎች ብቻ የሚሠማሩበት ሙያ ነበር። ድምፃዊ ቢጠራ እንኳ የመክፈቻውን ዘፈን ዘፍኖ፣ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በየትኛው ትዕይንት ምን ይሰማ፣ የቱ ትዕይንት በዝምታ ይለፍ የሚለው እርሱን አይመለከተውም ነበር። በ1971 ይህ ልማድ በአሜሪካ ተሰበረ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሶል በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ስልት የታወቁት አይዛክ ሄይስ፣ ከርቲስ ሜይፊልድ፣ ማርቪን ጌይ፣ ቦቢ ዎማክ፣ ዊሊ ሃች፣ ጄምስ ብራውንና ሌሎችም የፊልም ሙዚቃ ተረክበው ደረሱ፤ በገዛ ስማቸውም አልበም አወጡ። ከእነዚህ ሸክላዎች አንዳንዶቹን ዛሬ የሚያደምጣቸው ፊልሙን ጨርሶ ያላየ ሰው ነው። ይህም የሆነው አልበሙና ፊልሙ ከመጀመሪያው መንገዳቸው የተለያየ ስለነበር ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የሆሊዉድ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ከፍተኛ ወጪ ያፈሰሱባቸው ፊልሞች ከስረውባቸው ነበር። በከተሞች መሐል ያሉ ሲኒማ ቤቶች ደግሞ በጥቁር ተመልካቾች ይሞሉ ጀመር፤ ይህ ተመልካች ራሱን የሚያይበት ፊልም ግን እምብዛም አልነበረም። ሜልቪን ቫን ፒብልስ በ1971 ከስቱዲዮዎች ውጭ ሠርቶ ያወጣው «ስዊት ስዊትባክስ ባድአስ ሶንግ» ክፍተቱን አጋለጠው። ለማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ሙዚቃውን ራሱ ደረሰ፤ ገና ስም ያልነበረውን ኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር የተባለ ባንድ አስጫወተ፤ ሸክላውንም ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በስታክስ የሸክላ ኩባንያ በኩል ለገበያ አቀረበ። ሬዲዮ ነጻ ማስታወቂያ ሆነለት። ስቱዲዮዎቹም ዘዴውን ለመያዝ ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ ስመ ጥር ድምፃዊ ከያዙ ተመልካቹን ዘፈኑ ቀድሞ ይጠራላቸዋል። ስለዚህ የነገሩ ጅማሬ የገበያ ስሌት ነበር፤ ይህን መናገር የሙዚቃውን ክብር የሚቀንስ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ኤምጂኤም «ሻፍት» የተባለውን የመርማሪ ፊልም ሲያሠራ ዳይሬክተሩ ጎርደን ፓርክስ ሙዚቃውን ለአይዛክ ሄይስ ሰጠው። ሄይስ የሜምፊስ ሰው ነው፤ በስታክስ ቤት ከዴቪድ ፖርተር ጋር ለሌሎች ድምፃውያን ዘፈን ሲደርስ ቆይቶ በ1969 አራት ዘፈኖች ብቻ ያሉበትን «ሆት በተርድ ሶል» አወጣ። ዘፈን ከሦስት ደቂቃ ማለፍ የለበትም በሚባልበት ዘመን ጨዋታውን እያስረዘመ፣ በክር መሣሪያዎች እያጀበ፣ አድማጩን እያስጠበቀ ይሄድ ነበር። ለፊልም የሚያስፈልገው ትዕግሥት በእጁ ነበረ ማለት ነው። ፓርክስ ለጅምር ጥቂት ትዕይንቶችን ሰጠው፦ ጀግናው ከምድር ውስጥ ባቡር ወጥቶ በታይምስ ስኩዌር ሲራመድ፣ በሃርለም ጎዳናዎች ሲዘዋወር፣ እንዲሁም አንድ የፍቅር ትዕይንት።

የመክፈቻው ዜማ የሚነሳው በጸናጽል ነው። ከበሮ መቺው ዊሊ ሆል ሃይ-ሃት የሚባለውን ጥንድ ጸናጽል በእያንዳንዱ ምት አራት አራት ጊዜ እየነካ ያስሮጠዋል። ቀጥሎ የቻርልስ ፒትስ ጊታር ይገባል፤ ክሮቹ በግራ እጅ ታፍነው ከዜማ ይልቅ ፍትጊያ ያሰማሉ፤ ዋ-ዋ የተባለው የእግር መርገጫም ድምፁን እንደ ሰው አፍ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ኪቦርዱ፣ ዋሽንቱ፣ የትንፋሽና የክር መሣሪያዎቹ እየተከታተሉ ይደረባሉ። ሄይስ ራሱ አፉን የሚከፍተው ሁለት ደቂቃ ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው መኪና እየገፋ፣ መንገድ እየሰነጠቀ ይራመዳል። ግጥሙ ማንነቱን ሲጠይቅ አረማመዱ አስቀድሞ መልሶታል።

ሥራው ግን በስሜት ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ከሆነ እያንዳንዱ ምት በየ12ኛው ምስል ላይ ይውላል። በር ሲዘጋ ወይም ጥይት ሲተኮስ ድምፁ ከድርጊቱ ጋር እንዲገጥም አቀናባሪው ይህን አስቀድሞ ያሰላል፤ ተጫዋቾቹም የምት መቁጠሪያውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ይጫወታሉ። በሜምፊስ እርስ በርስ እየተያዩ መጫወት ለለመዱ ሙዚቀኞች ይህ ባዕድ ነገር ነበር። ሄይስ ኖታ አይጽፍም፤ በአእምሮው ያለውን በአፉና በኪቦርዱ ሲያሰማ ጆኒ አለን ወደ ወረቀት ያሰፍርለት ነበር። ለፊልሙ የሚሆነው ሆሊዉድ ውስጥ ከተቀረጸ በኋላ ቡድኑ ወደ ሜምፊስ ተመልሶ ለሸክላው እንደገና ተጫወተው።

ዳግመኛ መቅረጹ ምን እንዳተረፈ ማየት ለሚፈልግ ሰው «ዱ ዩር ቲንግ» የተባለው ዘፈን በቂ ማስረጃ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጥቂት ይሰማና ያልፋል፤ በድርብ ሸክላው ላይ ግን ከ19 ደቂቃ በላይ ይዘልቃል። ጊታሩ እየተንጫረረ፣ ባንዱ እየሰፋ፣ ትዕይንት የሚባል ነገር ተረስቶ ይሄዳል። ፊልሙን በዚህ ዜማ ልክ ማስረዘም የሚችል ዳይሬክተር የለም።

አልበሙ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ የመክፈቻው ዜማም በነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ እንዲሁ። በ1972 ሄይስ በምርጥ ዘፈን ዘርፍ ኦስካር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን ወደ ሥነ ሥርዓቱ የመጣው ያሳደጉትን አያቱን አስከትሎ ነበር። ከዚያ የመጣው ያን ያህል አያስደስትም። ስታክስ በ1975 መጨረሻ ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሄይስ በሚሊዮኖች ዶላር ዕዳ ተይዞ መክሰሩን አሳወቀ፤ ከደረሳቸው ዘፈኖች የሚያገኘውን ገቢም አጣ። የዜማው ድምፅ ግን ከሬዲዮ አልጠፋም።

ፊልሙ ከሚለው የተለየ ነገር በአልበም ላይ የተናገረው ከማንም በላይ ከርቲስ ሜይፊልድ ነው። የጎርደን ፓርክስ ልጅ የሆነው ጎርደን ፓርክስ ጁኒየር በ1972 ያዘጋጀው «ሱፐር ፍላይ» ከሥራው ለመውጣት የመጨረሻ ትልቅ ሽያጭ ስለሚያቅድ የኮኬይን ነጋዴ ይተርካል። የቺካጎው ሜይፊልድ ስክሪፕቱን አንብቦ ሥራውን በደስታ ተቀበለ፤ የተቀረጸውን ባየ ጊዜ ግን ፊልሙ ለኮኬይን ማስታወቂያ መስሎ ታየው። ፊልሙን ማስተካከል የእርሱ ሥልጣን አይደለም። በእጁ ያለው ግጥም ነው፤ በግጥሙም መለሰ።

ፍሬዲ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ እንውሰድ። በፊልሙ ውስጥ ፈሪና ደካማ ሰው ነው፤ በመኪና ተገጭቶ ይሞታል፣ ታሪኩም አልፎት ይሄዳል። ሜይፊልድ ቆም ብሎ ሙሉ ዘፈን ሰጠው። ሌሎች ሲጠቀሙበት ኖረው የጣሉት ሰው እንደሞተ በዚያ ቀጭን ድምፁ ይነግረናል፤ ያዳመጠ ሁሉ ከዋናው ጀግና ይልቅ ፍሬዲን ያስታውሳል። የሚገርመው፣ በፊልሙ ውስጥ ይህ ዜማ የሚሰማው ያለ ግጥም ነው። ቃላቱ በፊልሙ ስላልነበሩ ዘፈኑ ለኦስካር መወዳደር ሳይችል ቀረ። በሸክላ ግን በነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ፤ አልበሙም አራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ሆኖም ሜይፊልድ ሙሉ በሙሉ ተሳክቶለታል ለማለት እቸገራለሁ። «ፑሸርማን» በአደንዛዥ ዕፅ ሻጩ አንደበት የተዘፈነ ነው፤ ግጥሙን በጥሞና ያነበበ ክሱን ያገኘዋል፤ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ግን እጅግ ከማማራቸው የተነሳ ሰውየውን ያሞግሱታል። ሜይፊልድ ራሱ ከባንዱ ጋር በምሽት ክበብ ትዕይንት ላይ ሲጫወተው ይታያል፤ ንግዱ እንዴት እንደሚሄድ በፎቶግራፎች የሚያሳየው ክፍልም የታጀበው በዚሁ ዘፈን ነው። አቀናባሪው ጆኒ ፔት የክርና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን የደረደረበት መንገድ ደግሞ ውበቱን ያበዛዋል። ውብ ዜማ ለወቀሳ መልካም መሣሪያ መሆኑ ሁልጊዜ አያስተማምንም።

ከፊልሞቹ ጋር የነበረው ክርክርም ቀላል አልነበረም። የእነዚህ ፊልሞች መጠሪያ የሆነው «ብላክስፕሎይቴሽን» (የ«ጥቁር» እና የ«ብዝበዛ» የእንግሊዝኛ ቃላት ጥምር) ራሱ በ1972 ከሰብዓዊ መብት ታጋዩ ከጁኒየስ ግሪፊን የመጣ ነው፤ ፊልሞቹ ጥቁሮችን በወንጀለኛና በሴት አዳሪ ደላላ መልክ እየሣሉ ገንዘብ ይሰበስባሉ የሚል ክስ ነበረበት። ድምፃውያኑን ግን ወቀሳው ያን ያህል አልነካቸውም። አንዱ ምክንያት እንደ ሜይፊልድ ያሉት ወቀሳውን ራሳቸው ቀድመው መዝፈናቸው ይመስለኛል።

ማርቪን ጌይ የሄደበት መንገድ ፍጹም ሌላ ነው። በ1971 «ዋትስ ጎይንግ ኦን»ን አውጥቶ ስለ ጦርነትና ስለ ድህነት ሁሉም የሚያውቀውን ተናገረ። ተከታዩ አልበሙ ምን ይሆን ሲባል በ1972 አይቫን ዲክሰን ላዘጋጀው «ትራብል ማን» ማጀቢያ ሠራ፤ አልበሙ በአብዛኛው ያለ ግጥም ነው። ከዘመኑ ታላላቅ ድምፃውያን አንዱ አልበም አውጥቶ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ሳክስፎኑ ተራኪውን ሲተካ ጌይ ራሱ ከበሮና ኪቦርድ ይጫወታል፤ ያኔ አዲስ የነበረውን ሲንተሳይዘር የተባለ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያም ያስገባል። ድምፁ ሲመጣ ማጉረምረምና ማንጎራጎር ሆኖ ይመጣል። ብዙ የሙዚቃ ጸሐፊዎች ይህን አልበም በሁለት ታላላቅ ሥራዎች መካከል የተደረገ ዕረፍት አድርገው ያልፉታል። እኔ አልስማማም፤ ጌይ የዜማ ደራሲ መሆኑን ከድምፁ ውበት ለይቶ ያሳየው እዚህ ነው።

ሥራውን ተካፍለው የሠሩም አሉ። «አክሮስ 110ኛ ስትሪት» ላይ ቦቢ ዎማክ ዘፈኖቹን፣ የጃዙ ትሮምቦን ተጫዋች ጄ. ጄ. ጆንሰን የትዕይንቶቹን ሙዚቃ ሠሩ፤ የዎማክ መክፈቻ ዘፈን በ1997 በኩዌንቲን ታራንቲኖ «ጃኪ ብራውን» እንደገና ተወለደ። ጄምስ ብራውን በ1973 ለ«ብላክ ሲዛር» ሲሠራ የሥራው ትልቅ ክፍል የወደቀው በትሮምቦን ተጫዋቹና አቀናባሪው በፍሬድ ዌስሊ ትከሻ ላይ ነበር። ለተከታዩ ፊልም ያቀረቡት ሙዚቃ ሳይወደድ ቀርቶ ሥራው ለኤድዊን ስታር ተሰጠ፤ ብራውን ግን የተመለሰለትን ይዞ በዚያው ዓመት «ዘ ፔይባክ»ን አወጣ። ከሥራዎቹ ሁሉ በላጮቹ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ፊልም የማያውቀው የፊልም ሙዚቃ ነው። ሜይፊልድም ለሌሎች ድምፅ መድረሱን ቀጠለ፦ በ1974 ለግላዲስ ናይት፣ በ1975 ለስቴፕል ሲንገርስ፣ በ1976 ለአሪታ ፍራንክሊን።

ዓይነ ስውሩ ድምፃዊ ስቲቪ ዎንደር በ1979 ስለ ዕፅዋት ለተሠራ ዘጋቢ ፊልም ሙዚቃ ሲደርስ ምስሉን ማየት አይችልም ነበር። መፍትሔው የተገኘው በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ የፊልሙ ፕሮዲዩሰር በአንደኛው ጆሮው በስክሪኑ ላይ የሚሆነውን ይተርክለታል፣ የድምፅ ባለሙያው በሌላኛው ትዕይንቱ እስኪያልቅ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረ ይቆጥርለታል። ፊልሙ በብዛት ሳይታይ ቀረ፤ ድርብ ሸክላው ግን ወጣ።

ከ1970ዎቹ በኋላ ስቱዲዮዎች ከብዙ ድምፃውያን የተሰበሰቡ ዘፈኖችን በአንድ አልበም ማሳተም መረጡ፤ አንድ ድምፃዊ ሙሉ ፊልም የሚረከብበት ዕድል ጠበበ። በ1989 ለ«ባትማን» ሁለት አልበሞች ወጡ፤ አንዱ የፕሪንስ ዘፈኖች፣ ሌላው የዳኒ ኤልፍማን የኦርኬስትራ ሙዚቃ። ከሶል ቤት የወጣው ራፋኤል ሳዲቅ ዛሬም ለፊልምና ለቴሌቪዥን ይደርሳል፤ ለ2017ቱ «መድባውንድ» ከሜሪ ጄ. ብላይጅና ከሌላ ደራሲ ጋር የደረሰው ዘፈን ለኦስካር ታጭቷል።

በፊልምና በሸክላ መካከል ያለውን ርቀት በጆሮ መለካት የሚቻለው ግን በቅርብ ዓመታት ነው። በፊልሙ ውስጥ የተሰማው የ«ሻፍት» ቅጂ ለብቻው ታትሟል፤ የ«ትራብል ማን» 40ኛ ዓመት እትምም በ2012 የፊልሙን ሙዚቃ ከአልበሙ ጎን አስቀምጧል። ሁለቱን አከታትሎ የሚያዳምጥ ሰው ተመሳሳይ ዜማ በፊልሙ በሰከንዶች ተቆርጦ፣ በአልበሙ ደግሞ ጊዜውን ወስዶ ሲፈስ ይሰማል።