«ቡም»፦ የሚያስገመግም ድምፅ እና የሚደራ ገበያ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነጋዴ «ቢዝነስ ኢዝ ቡሚንግ» ቢል ሱቁ ውስጥ የፈነዳ ነገር የለም፤ ገበያው ደርቷል ማለቱ ነው። ይኸው ቃል መድፍ ሲተኮስ፣ ሰማይ ሲያጉረመርም፣ ከበሮ ሲደለቅ ለሚሰማው ድምፅም ያገለግላል። ጋዜጦቻችን የገበያውን ፍቺ ብዙ ጊዜ «ፈጣን ዕድገት» ብለው ይመልሱታል። ስሕተት ነው አይባልም፤ ነገር ግን የቃሉን ግማሽ ያስቀራል። ፈጣን ዕድገት ጸጥ ብሎ ሊመጣ፣ መጥቶም ሊቀመጥ ይችላል። ቡም ግን ድንገት ይደርሳል፣ ይጮኻል፣ ሰው ይሰበስባል፤ ሰሚውም በልቡ «ይህ እስከ መቼ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጋል።

ከድምፁ እንጀምር። «ቡም» በእንግሊዝኛ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ፣ ድምፅን በመምሰል የተፈጠረ ቃል ነው። ደችና ጀርመንኛም ተመሳሳይ ግሥ አላቸው። በመጀመሪያ ያገለገለው ለመድፍ ሳይሆን ለንብና ለተርብ እምምታ ነበር። በአውሮፓ ረግረጋማ ቦታዎች፣ በሸምበቆ መሀል ተሸሽጎ የሚኖር ቡናማ ወፍ አለ፤ ወንዱ በመራቢያው ወራት የሚያሰማው ወፍራም ድምፅ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ይሰማል። እንግሊዞች የዚህን ወፍ ጩኸት እስከ ዛሬ «ቡም» ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። እንግሊዝኛ «ባንግ»ን ከ«ቡም» ይለያል። «ባንግ» አጭር፣ ስለታም፣ ወዲያው የሚቋረጥ ነው፤ በር በኃይል ሲዘጋ፣ ሽጉጥ ሲተኮስ። «ቡም» ወፍራም ነው፤ ካለፈ በኋላም ደረት ውስጥ ይቆያል። ለአማርኛ ሰሚ ቅርቡ ግሥ «አስገመገመ» ነው፤ ሰማይም፣ የሞላ ወንዝም፣ የብዙ ሰው ድምፅም ያስገመግማል። ስለዚህ «ቡሚንግ ቮይስ» የሚባለው ጮክ ያለ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የሚያስገመግም፣ ጎርናና ድምፅ ነው። ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት የቱንም ያህል ብትጮኽ «ቡም» አይባልላትም።

ከድምፅ በሚፈጥን አውሮፕላን ምክንያት የሚሰማው «ሶኒክ ቡም» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰዓት 1,235 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አውሮፕላኑ ይህን ሲያልፍ አየሩ ከፊቱ ሸሽቶ አያመልጥም፤ ተጨምቆ ማዕበል ይሆናል፤ ከአፍንጫውና ከጭራው የሚነሱት ማዕበሎች መሬት ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ሁለት ተከታታይ ምት ሆነው ይሰማሉ። ድምፁ አውሮፕላኑ የድምፅን ፍጥነት በሚያልፍባት ቅጽበት ብቻ የሚሰማ ይመስላቸዋል ብዙዎች። ግን በዚያ ፍጥነት እስከበረረ ድረስ ማዕበሉን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይሄዳል፤ ከበታቹ ያለ ሁሉ በየተራው ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ መንግሥት የሕዝቡን ትዕግሥት ለመፈተን ኦክላሆማ ሲቲ ላይ በ6 ወር ውስጥ 1,253 ጊዜ እንዲህ አስገምግሟል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ የሲቪል አውሮፕላኖች በየብስ ላይ በዚህ ፍጥነት እንዳይበሩ ተከለከለ።

ወደ ገበያው ከመሻገራችን በፊት አንድ ሌላ «ቡም» መለየት አለበት። በግንባታ ሥራ የኤክስካቫተሩ ረጅም ክንድ፣ በመርከብ ላይ ሸራውን ከታች የሚይዘው አግዳሚ እንጨት፣ በፊልም ቀረጻ ማይክሮፎን የሚንጠለጠልበት ዘንግ ሁሉም ቡም ይባላሉ። ይህኛው የመጣው ከደች ነው፤ ትርጉሙም ዛፍ ወይም ምሰሶ ነው። ጀርመኖች ዛፍን «ባውም» የሚሉት፣ እንግሊዞች ተሸካሚ አግዳሚን «ቢም» የሚሉት ከአንድ ግንድ የወጡ ስለሆኑ ነው። በድምፅ ይገናኙ እንጂ ከሚያስገመግመው ቡም ጋር ዝምድና የላቸውም። «ቡመራንግ»ም አይዛመድም፤ እሱ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደ ነው። «ቦምብ» ደግሞ የአጎት ልጅ ይመስላል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ወፍራም ድምፅ የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ቃል ተነስቶ በላቲንና በጣልያንኛ በኩል የመጣ ነው።

የዕድገቱ ፍቺ ወጣት ነው፤ የተወለደውም አሜሪካ ውስጥ በ1870ዎቹ ነው። እንዴት ተወለደ በሚለው ላይ ሦስት ሐሳቦች ይነሳሉ። አንደኛው በቀጥታ ከድምፁ ያመጣዋል፤ እየጮኸ በኃይል የሚንደረደር ነገር ቡም እያለ ይመጣል። ሁለተኛው ከመርከብ ያመጣዋል፤ ሸራዋን ሙሉ በሙሉ ዘርግታ በነፋስ የምትበር መርከብ «ቡሚንግ» ትባል ነበር። ሦስተኛው ከወንዝ ነው። በአሜሪካ ወንዞች ላይ ግንድ የሚያጓጉዙ ሰዎች ተንሳፋፊ ግንዶችን በሰንሰለት አያይዘው የሚሠሩት አጥር ቡም ይባላል፤ ወንዙ ሲሞላ ግንዱ እየተጋጨ ይወርዳል፣ አንዳንዴም አጥሩን በጥሶ ይሄዳል። በሚሲሲፒ መርከበኞች አፍ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የሚጋልብ ወንዝ «ቡሚንግ» ነው።

እኛ የወንዙን ሐሳብ እናስበልጣለን፤ ድምፁንም ሙላቱንም በአንድ ላይ የያዘው እሱ ነውና። በተጨማሪም ከአንድ የታወቀ ሰው ጋር ይያያዛል። ጆሴፍ ማከላ የሴንት ሉዊስ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ከተማውም ሚሲሲፒ ዳር ነው። በ1878 ጋዜጣው፣ ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንትን ለሦስተኛ ጊዜ ፕሬዚዳንት ለማድረግ የተነሳውን እንቅስቃሴ በዚህ ቃል ገለጸው፤ ማከላም ቃሉን ያገኘው ከወንዝ ሰዎች እንደሆነ ተናግሯል። «የግራንት ቡም» በአገሪቱ ጋዜጦች ሁሉ ተዛመተ። ፍጻሜው እንደ ደራሽ ውሃ ሆነ። በሰኔ 1880 ቺካጎ ላይ በተደረገው የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ግራንት ዕጩ ለመሆን 379 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር 304፣ በመጨረሻው 306 አገኘ። በ36ኛው ዙር ዕጩነቱን የወሰደው ጄምስ ጋርፊልድ ነው። ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው ቡም ራሱ በዚህ መልክ ጎደለ።

የመጉደሉ ስም «በስት» ነው። ይህ ፈነዳ የሚል ፍቺ ያለው «በርስት» ሲሆን አሜሪካኖች «ር»ን ውጠው የተናገሩት ነው። የሰው ደረትና ጭንቅላት ብቻ የሚያሳየው ሐውልት «በስት» ቢባልም ዘሩ ከጣልያንኛ ነው፣ አይገናኙም። ቡምና በስት በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ በአፍ ላይ ተጋቡ፤ «ቡም ኤንድ በስት» የሚለው አነጋገርም ከዚህ መጣ፤ ሞልቶ መጉደል፣ ደርቶ መቀዝቀዝ።

ሁለቱም የቃሉ ፍቺዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጉድጓድ የተገናኙበት ቦታ አለ፤ ቴክሳስ፣ ቦሞንት ከተማ አጠገብ ያለው ስፒንድልቶፕ ኮረብታ። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1901 ለነዳጅ ፍለጋ ከ300 ሜትር በላይ ከተቆፈረው ጉድጓድ መጀመሪያ ጭቃ ፈላ፣ ቀጥሎ የመቆፈሪያው ቧንቧ ወደ ሰማይ ተወረወረ። ጥቂት ጸጥ ካለ በኋላ ምድሩ አስገመገመና ድፍድፍ ዘይቱ ከ45 ሜትር በላይ ወደ ላይ ተተኮሰ። እስኪገታ 9 ቀን ፈጀ፤ በቀን 100,000 በርሜል ያህል ይወጣ እንደነበር ተገምቷል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ስለሆነ በቀን ወደ 16 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። ወደ 10,000 ሰው ይኖርባት የነበረችው ቦሞንት በወራት ውስጥ ብዙ እጥፍ ሆነች። እንዲህ ያለችውን ከተማ እንግሊዝኛ «ቡም ታውን» ይላታል። ዘይቱ በዛና የአንድ በርሜል ዋጋ 3 ሳንቲም ደረሰ።

በስቱ የመጣው ዘይቱ አልቆ አይደለም፤ ግፊቱ አልቆ ነው። በትንሽ ኮረብታ ላይ መቶዎች ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ሁሉም ከጎረቤቱ ለመቅደም ሲስብ ዘይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ጋዝ ተበተነ። በ1902 ኮረብታው 17.5 ሚሊዮን በርሜል ሰጠ፤ በ1904 ግን በቀን 10,000 በርሜል ገደማ ብቻ ቀረ። ቡምን ከተራ ዕድገት የሚለየው ይህ ነው። ለጥድፊያ የሚጋብዘው ነገርና ውድቀቱን የሚያመጣው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

«ቤቢ ቡም» ላይ ድምፁ ጠፍቶ ሙላቱ ብቻ ቀርቷል። በአሜሪካ ከ1946 እስከ 1964 ወደ 76 ሚሊዮን ሕፃናት ተወለዱ፤ «ቡመር» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እዚህም ጎደሎው ስም አለው፤ የልደቱ ቁጥር ሲቀንስ «ቤቢ በስት» ተባለ።

ተርጓሚ ታዲያ ምን ያድርግ? ስለ ገበያ ከሆነ «ደራ» ወይም «ጦፈ» ይበል። ስለ ግንባታ ወይም ስለ ሥራ ከሆነ «ተጧጧፈ»። ስለ ዋጋ ብቻ ከሆነ «ናረ»፤ ነገር ግን ሰዎች እየተሻሙ እየገዙ እየሸጡ ከሆነ «ናረ» ሻጭና ገዢውን ስለሚያስቀር አይበቃም። «እመርታ» መወገድ አለበት፤ እሱ ወደፊት ተራምዶ እዚያው መቆየትን ያመለክታል፣ ቡም ግን ስለ መቆየት ምንም ቃል አይገባም። ትልቁ ወጥመድ «ፈነዳ» ነው። ፊት ለፊት ሲያዩት ተስማሚ ይመስላል፤ በአማርኛ ቦምብም አበባም ይፈነዳልና ድምፅንና መለምለምን በአንድ ግሥ ያገናኛል። ሆኖም «ኢኮኖሚው ፈነዳ» ብለን ብንጽፍ አንባቢ የሚረዳው ተንኮታኮተ ብሎ ነው፤ በስቱን ጽፈን ቡሙን ያልን ይመስለናል።

በመጨረሻ «ኤንድ» እና «ኦር» አይምታቱ። «ቡም ኤንድ በስት» በዙር የሚፈራረቅ ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ደግሞ ይሞላል። «ቡም ኦር በስት» ግን አንድ ጊዜ የሚወሰን ዕጣ ነው፤ ያለውን ሁሉ አንድ ንግድ ላይ ያፈሰሰ ሰው ወይ ይከብራል ወይ ይከስራል።