ግሉኮሳሚን ምንድን ነው? ምግብ ለማይስማማው ያረጀ ውሻስ?

የውሻ እርጅና ከሁሉ በፊት የሚታወቀው ጠዋት ነው። ከተኛበት ሲነሣ የኋላ እግሮቹን ይጎትታል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይፍታታና ደህና ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ በሩጫ ይወጣው ከነበረው ደረጃ ሥር ቆም ብሎ ሽቅብ ይመለከታል። በልማድ ቁርጥማት የምንለው፣ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ሕመም አጀማመሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፣ መገጣጠሚያውም ይቆጣል። ባለቤቱ መፍትሔ መፈለግ ሲጀምር አስቀድሞ ከሚሰማቸው ስሞች አንዱ ግሉኮሳሚን ነው።

ግሉኮሳሚን ናይትሮጂን ያለበት የስኳር ዓይነት ሲሆን፣ የሰውም የውሻም አካል ከግሉኮስና ግሉታሚን ከተባለው አሚኖ አሲድ ራሱ ይሠራዋል። ልም አጥንት ውኃ እንደ ጠጣ ስፖንጅ ተጨምቆ መልሶ እንዲነፋ የሚያደርጉት ረጃጅም ሞለኪውሎች የሚገነቡት ከእርሱና ከመሰሎቹ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሌደርሆዘ ነው፤ በ1876 እ.ኤ.አ. የባሕር እንስሳትን ጠንካራ ቅርፊት የሚሠራውን ካይቲን የተባለ ነገር በአሲድ አፍርሶ አገኘው። ዛሬም በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ግሉኮሳሚን የሚመጣው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፤ ከፈንገስ ወይም በእህል ላይ በማብላላት የሚዘጋጅም አለ። ኮንድሮይቲን የተባለው የዘወትር ጓደኛው ግን የሚወጣው ከእንስሳት ልም አጥንት፣ በተለይም ከከብት የአየር ቧንቧ፣ ከአሳማ፣ ከዶሮ ወይም ከሻርክ ነው።

«የጎደለውን ጥሬ ዕቃ ብንሰጠው ልም አጥንቱ ይጠገናል» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ነገር ግን የተዋጠ ግሉኮሳሚን በአንጀትና በጉበት አልፎ መገጣጠሚያው ዘንድ የሚደርሰው በጣም በጥቂቱ ነው። በውሾች ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም እርስ በርስ አልተስማሙም። በአንዳንዶቹ ውሾቹ ከሳምንታት በኋላ የተሻላቸው ሲመስል፣ በሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ኪኒን ከወሰዱት ምንም አልተለዩም። በአሜሪካ የሚሸጠውም እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱ ተመርምሮና ጸድቆ ሳይሆን በተጨማሪ ምግብነት ስለሆነ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠንና በኪኒኑ ውስጥ ያለው ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል። ለጤነኛ ሆድ ብዙ ጊዜ ጉዳት ስለሌለው «ቢጠቅም ይጥቀም» ብሎ መስጠት ነውር አይደለም። ምግብ ለማይስማማው ውሻ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም።

ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ከግሉኮሳሚኑ ዙሪያ እንጂ ከራሱ ከግሉኮሳሚኑ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የምግብ አለርጂ የተረጋገጠባቸውን 297 ውሾች መዝገብ ሲመረምር፣ 34 በመቶው በበሬ ሥጋ፣ 17 በመቶው በወተት ተዋጽኦ፣ 15 በመቶው በዶሮ፣ 13 በመቶው በስንዴ ይታመሙ ነበር። አሁን አንድ «ለመገጣጠሚያ» የሚል የሚታኘክ ኪኒን አንሥተን ጀርባውን እናንብብ፦ ግሉኮሳሚን፣ ኮንድሮይቲን፣ ከዚያም በትናንሽ ፊደል የዶሮ ጉበት ዱቄት፣ የቢራ እርሾ፣ ጀሌቲን፣ «ተፈጥሯዊ ማጣፈጫ» ይላል። ውሻው ኪኒኑን እንደ ከረሜላ የሚሻማበት ምክንያት ይኸው ማጣፈጫ ነው፤ በሌሊት ጆሮውን እያከከ የሚያድርበትም ምክንያት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የበሬ ሳንባና የሥጋ ቤት ትራፊ ሲበላ የኖረ የግቢ ጠባቂ ውሻም «እስከ ዛሬ የተስማማውን ሥጋ አሁን እንዴት ይጠላል?» አይባልለትም፤ አለርጂ የሚፈጠረው አካሉ ደጋግሞ ለሚያገኘው ፕሮቲን ነውና።

ስለዚህ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። የማይስማማው ምግብ ገና ካልታወቀ፣ ውሻው ከዚህ በፊት ቀምሶት የማያውቅ አንድ ዓይነት ሥጋ ከአንድ ዓይነት የእህል ወይም የሥራሥር ምግብ ጋር፣ አለዚያም ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የተዘጋጀ ልዩ የውሻ መኖ ብቻ ቢያንስ ለ8 ሳምንታት ይሰጠዋል፤ በእነዚህ ሳምንታት ጣዕም የተጨመረበት ምንም ዓይነት ኪኒን አይነካም። ሆዱና ቆዳው ከተረጋጋ በኋላ ግሉኮሳሚን መሞከር የፈለገ ሰው ኮንድሮይቲንም ማጣፈጫም የሌለበትን ንጹሕ ዱቄት መርጦ ለብቻው ይጨምርና ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቃል። ምግቡንም ኪኒኑንም በአንድ ሳምንት የለወጠ ሰው የበጀውንም የጎዳውንም ሊለይ አይችልም። በተለይ መዳፉንና የፊት እግሩን አንጓ የሚልስ ውሻ ያሳስታል፤ የሚልሰው በአለርጂ ስላሳከከው ወይም መገጣጠሚያው ስላመመው ሊሆን ይችላልና፣ ሐኪም እግሩን አጥፎና ዘርግቶ ካላየው በግምት አይለይም።

ከተጨማሪ ምግቦች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ከዓሣ ዘይት የሚገኘው ኦሜጋ 3 የተባለው የስብ ዓይነት ነው፤ የመገጣጠሚያውን ቁጣ ያበርዳል፣ ለቆዳውም ይረዳል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያሻል። በየፋርማሲው «የዓሣ ዘይት» እየተባለ ለልጆች የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ እና ዲ በብዛት ሲሰጥ በአካል ውስጥ ተከማችቶ ይጎዳል። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው፤ ነገር ግን የውሻ አካል የተልባውን ዓይነት ወደሚፈለገው ዓይነት የሚለውጠው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ የዓሣውን ቦታ አይተካም። የዓሣ ዘይት በአንዴ ሲበዛ ስለሚያስቀምጥ፣ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ወደ ወሰነው መጠን ቀስ በቀስ መድረስ ይሻላል። አጥንት ለተሰበረ ሰው የምናስበው የቅልጥም መረቅ ደግሞ ለዚህ ውሻ በሁለት ምክንያት አይሆንም፤ የበሬ ፕሮቲን አለበት፣ ከሰው ድስት ከተቀዳም ለውሻ መርዝ የሆኑት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አሉበት።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ በእኔ ግምት ከየትኛውም ኪኒን የሚበልጠው የውሻው ክብደት ነው። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ቡችሎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጠንተው ነበር፤ ከየጥንዱ አንዱ የሚመገበው ከጓደኛው 25 በመቶ ያነሰ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት፣ ጥቂት የበሉት ግማሾቹ የዘለቀ የኦስቲዮአርትራይተስ ሕክምና ያስፈለጋቸው በ13.3 ዓመታቸው ሲሆን፣ በደንብ የበሉት ግን በ10.3 ዓመታቸው ነበር። ጥቂት የበሉት ዕድሜያቸውም ወደ 2 ዓመት በሚጠጋ ረዘመ። ምግብ መቀነስ ደግሞ ማንንም አያሳክክም። የጎን አጥንቶቹ ለዓይን ጎልተው ባይታዩም በእጅ ሲዳሰሱ በቀላሉ መቆጠር አለባቸው፤ የሚፈለጉት ስብ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ውሻው ወፍሯል።

ሕመሙ ከበረታ ለውሻ የተሠሩ ማስታገሻዎች አሉ፤ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም በሐኪም ትእዛዝ፣ ጉበቱና ኩላሊቱ በደም ምርመራ እየታየ ይሰጣሉ። የሚታኘከው ካርፕሮፌንም ማጣፈጫ አለበትና ሐኪሙ ስለ አለርጂው ሊነገረው ይገባል። ለቤተሰቡ የተገዛውን አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፈናክ ቆርሶ መስጠት ግን የውሻን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊቱንም ይገድላል። ከዚህ ሌላ በሚያንሸራትት ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ከመኝታው እስከ ውኃ ሳህኑ ድረስ፣ አሮጌ ምንጣፍ ቢዘረጋለት ሲነሣ እግሮቹ አይከዱትም።