ፕራናያማ ምንድን ነው? የታዳጊ ሳንባስ ምን ያገኝበታል?

እህቴ ሰሞኑን ደወለችልኝ። «ፕራናያማ የሚሉት አስም ያድናል አሉኝ፤ ልጅቷን ፓፉን ላስቁማት እንዴ?» አለች። ልጇ 15 ዓመቷ ነው፤ ቀላል አስም አለባት። ፓፍ የምትለው በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቷን ነው። ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩና ልጅቷን «እስኪ በረጅሙ ተንፍሺ» አልኳት። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ደረቷ ተነፋ፣ ሆዷ ወደ ውስጥ ገባ። አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን።

ፕራናያማ በዮጋ ውስጥ ያለ የአተነፋፈስ ልምምድ ነው። ቃሉ የሳንስክሪት ነው። «ፕራና» እስትንፋስ ወይም የሕይወት ኃይል ማለት ሲሆን «አያማ» ማርዘምንና መግታትን ያመለክታል። በሕንዶች ጥንታዊ ትምህርት ዮጋ 8 ክፍሎች አሉት፤ ፕራናያማ 4ኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ስዋሚ ኩቫላያናንዳ ሎናቭላ በምትባል የሕንድ ከተማ ካይቫልያዳማ የተባለውን ተቋም መሥርተው፣ ዮጋ ሰውነት ላይ የሚያደርገውን ነገር በመሣሪያ ለኩ። ዮጋን ከእምነታቸው አንጻር የማይቀበሉ ብዙ አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ዝግ ያለው የሆድ አተነፋፈስ ግን ፊዚዮቴራፒስቶችም የሚያሠሩት ነው። የዮጋን ስም ሳያነሱም መሥራት ይቻላል።

ከሳንባ ሥር ድያፍራም የሚባል፣ የተደፋ ሳህን የሚመስል ጡንቻ አለ። አየር ስናስገባ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሆድን ወደ ፊት ይገፋል፣ ሳንባም ቦታ አግኝቶ ይሞላል። ትከሻ ማንሳት ለዚህ ብዙም አይረዳም።

ዝግ ማለቱስ ለምን? ቁጥሩን እንየው። አንድ አዋቂ ሰው በአንድ እስትንፋስ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ያስገባል። ከዚያ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነው በጉሮሮና በአየር ቧንቧ ቀርቶ ይመለሳል። ኦክስጅን ወደ ደም ከሚያልፍባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች አይደርስም። አሁን አንዱ ሰው በደቂቃ 24 ጊዜ ሩብ ሩብ ሊትር ያስገባል እንበል። ሌላው በደቂቃ 6 ጊዜ አንድ አንድ ሊትር። የሁለቱም ድምር 6 ሊትር ነው። ከረጢቶቹ ጋ የሚደርሰው ግን ለመጀመሪያው 2.4 ሊትር፣ ለሁለተኛው 5.1 ሊትር ነው። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው ልፋቱን በአብዛኛው ቧንቧው ላይ ጨረሰው ማለት ነው።

ታዲያ ፕራናያማ ሳንባ ያሳድጋል? አያሳድግም። የሳንባን መጠን በዋናነት የሚወስኑት ቁመት፣ ዕድሜና ጾታ ናቸው። ልምምዱ የሚያሠለጥነው የመተንፈሻ ጡንቻዎችንና ልማዳችንን ነው። አስምን በተመለከተ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2016 በዮጋና አስም ላይ የተሠሩ 15 ጥናቶችን አይቶ ነበር። ዮጋ ምልክቶችንና የኑሮ ምቾትን በጥቂቱ ሳያሻሽል አይቀርም ብሏል። በሳንባ አቅምና በመድኃኒት አጠቃቀም ላይ ስላለው ለውጥ ግን እርግጠኛ መልስ አላገኘም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የልጆች ሳንባ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ መግቢያ ድረስ ያድጋል። በካሊፎርኒያ ልጆችን ከ10 እስከ 18 ዓመታቸው የተከታተለ ትልቅ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። አየሩ በተበከለበት አካባቢ ያደጉት ልጆች የሳንባ እድገት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኋላ አየሩ እየጠራ ሲመጣ፣ ከእነሱ በኋላ ያደጉት ልጆች ሳንባ የተሻለ አደገ። እህቴ ቤት የከሰሉ ምድጃ ልጅቷ የምታጠናበት ክፍል በር ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ያስነሳኋት እሱን ነው። ጭሱ መሀል ቁጭ ብሎ በጥልቀት መተንፈስ ጭሱን በጥልቀት መሳብ ነው።

ከዚያ ልጅቷን በጀርባዋ አስተኛኋትና ሆዷ ላይ ደብተር አስቀመጥኩ። እስከ 4 እየቆጠረች በአፍንጫዋ ታስገባለች፣ እስከ 6 እየቆጠረች ታስወጣለች። 10 ሰከንድ ነው፤ በደቂቃ 6 እስትንፋስ ይሆናል። መጀመሪያ ደብተሩ ንቅንቅ አላለም። አራተኛው ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። «አክስቴ፣ ተነሳ!» ብላ ሳቀች፤ ደብተሩም ወደቀ። ብራማሪንም አሳየኋት። አፍን ገጥሞ እንደ ንብ «እምምም» እያሉ ማስወጣት ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ እንዲህ ሲደረግ ከአፍንጫ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በዝምታ ከማስወጣት 15 እጥፍ ይጨምራል።

ካፓላባቲና ባስትሪካ የሚባሉትን ፈጣን ልምምዶች ግን አላስነካኋትም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከደም ቶሎ ያራግፋሉ፤ ጀማሪን ያዞራሉ። ትንፋሽ ይዞ መቆየትም ለጀማሪ አይሆንም። ማዞር ከመጣ ማቆም ነው።

ለእህቴ ጥያቄ ደግሞ መልሴ አጭር ነበር። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ይቀጥላል። ደረቷ ሲያፍናት ቀድሞ የሚመጣው ፓፉ ነው። ልምምዱ ደህና በሆነችበት ሰዓት፣ ማታ ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ ይበቃታል። ፓፉን ራሴ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ የፊት ኪስ ውስጥ ከተትኩት።