የቮልስ ሞተር እድሳት በጎንደር

የቮልስ ሞተር እድሳት ማለት በአየር የሚቀዘቅዘውን፣ አራት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙትን የቮልስዋገን ሞተር ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ ለክቶና ያለቀውን ተክቶ መልሶ መግጠም ነው። ይኸው ሞተር ካርማን ጊያ በምትባለው ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪናና በብዙዎቹ የድሮ ኮምቢዎች ላይም ስላለ፣ እዚህ የተጻፈው በአብዛኛው ለእነሱም ይሠራል። ሞተሩ ውሃም ራዲያተርም የለውም፤ ከመኪናው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፤ 17 ቁጥር ቁልፍና አስተማማኝ ክሪክ ያለው ጋራዥ በአንድ ሰዓት ያወርደዋል። ጎንደር ላይ ሥራውን የሚያከብደው ርቀቱ ነው። የከተማዋ መለዋወጫ ሱቆች የሚያከማቹት ለቶዮታ፣ ለአይሱዙና ለባጃጅ ነው። የቮልስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚና (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዝ ስስ ተሸካሚ) ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው አዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜም ከውጭ አገር ነው የሚመጣው። ልኩ የተሳሳተ አንድ ካርቶን ብሮንዚና መኪናውን ለሳምንታት ያቆመዋል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ተለክቶ ሳያልቅ አንድም ዕቃ መታዘዝ የለበትም።

ሞተሩን መለየት

የመኪናው ሊብሬ ላይ የተጻፈውን የሞተር መጠን ማመን አይገባም፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሞተር ያልተለዋወጠበት ቮልስ ጥቂት ነው። እውነቱ ያለው በካርተሩ፣ ማለትም በሞተሩ ዋና አካል ላይ፣ ከዲናሞው መቀመጫ በታች የተቀረጸው ቁጥር ላይ ነው። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ቁጥሩ በፊደል ይጀምራል። ዲ ባለ 34 ፈረስ ጉልበቱ 1200 ነው፤ ኤፍ የመጀመሪያው 1300፣ ኤች 1500፣ ኤቢ የኋለኛው 1300፣ ኤዲ ደግሞ 1600 ነው።

1200ው እና 1300ው ፒስተናቸው እኩል 77 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ያሳስታሉ። የፒስተኑ ምልልስ ግን በአንዱ 64፣ በሌላው 69 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተንና ካሚቻቸውን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር) ማደባለቅ አይቻልም። በተቃራኒው የ1500ው 83 ሚሊ ሜትር ካሚቻ ወጥቶ የ1600ው 85.5 ያለ ምንም ቶርኖ ሥራ ይገባል። አሁን በገበያ በብዛት የሚገኘው የ85.5 ስብስብ ስለሆነ 1500 ላለው ሰው ይህ መልካም ዜና ነው።

ከፍታው የሚያመጣው ነገር

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ የሞተሩ ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን የማያውቅ መካኒክ ጤነኛ ሞተር ያወርዳል። የፋብሪካው መጽሐፍ ለአዲስ ሞተር ከ7 እስከ 9 ባር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቅ አየር ግፊት፣ ይላል፤ እዚህ ከ5.5 እስከ 7 ባር የሚያሳይ ሞተር ደህና ነው። መታየት ያለበት የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። ሦስቱ 6 አሳይተው አንዱ 4 ካለ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ ደግሞ መለካት ነው። ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል፣ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቩ አይዘጋም።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶርም ከከፍታው ጋር መስማማት አለበት። ቀጭን አየር ላይ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው (እሳት የሚፈነጥቀው) በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን የካሚቻውን ዘይት ያጥበዋል፣ አዲሱ ፋሻም ሳይቀመጥ ያልቃል። በዋናው ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚን በሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቁራጭ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት ይናገራል፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። 125 ለነበረው ጎንደር ላይ 120 ወይም 117.5 ይበቃል። ነገር ግን የወጣው ጂግለር አይጣልም፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። በጭልጋ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ከ1000 ሜትር በታች፣ ያውም በኃይለኛ ሙቀት ውስጥ ይገባል። በጎንደር ልክ የተቀነሰ ቤንዚን እዚያ ቫልቭ ያቃጥላል፤ ከመውረዱ በፊት ትልቁን መመለስ ግዴታ ነው።

መፍታትና መለካት

ካርተሩ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ፣ መሐል ለመሐል ተከፍሎ የሚገጠም አካል ነው። ቀላል ነው፤ ግን ለስላሳ ነው። ከብዙ ዓመት ምት በኋላ ኮሎው፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ፣ የሚተኛበት መቀመጫ ይደቀደቃል፤ በተለይ መሐሉ። አዲስ ብሮንዚና በተደቀደቀ መቀመጫ ላይ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መብራቱ ይበራል። መፍትሔው መቀመጫውን በአንድ መስመር አስፍቶ የውጭ ልኩ የገዘፈ ብሮንዚና ማዘዝ ነው። ተራ ቶርኖ ቤት ይህን መሞከር የለበትም፤ ለሥራው የተዘጋጀ መሣሪያ ይፈልጋል።

ኮሎው በማይክሮ ሜትር ይለካል። ሦስቱ ዋና ዋና መቀመጫዎች አዲስ ሲሆኑ 55 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ በመዘውሩ በኩል ያለው ትንሹ 40። በአንድ ቦታ መለካት አይበቃም፤ ዙሪያውን እያዞሩ ሞላላ መሆኑን ማየት ነው። ከተሞረደ በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ የብሮንዚናው ልክም በዚያው ይታዘዛል። ኮሎ መሞረጃ በቅርብ ካልተገኘ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲላክ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ሆኖ፣ ዘይት ተቀብቶና በጨርቅ ተጠቅልሎ መሆን አለበት። አውቶቡስ ላይ ተንከባሎ የተጫረ ኮሎ ዳግመኛ ይሞረዳል።

ቴስታው፣ ማለትም ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ታጥቦ በደማቅ ብርሃን ይመረመራል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከቫልቩ መቀመጫ ወደ ካንዴላው ቀዳዳ ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቮች ደህና ቢመስሉም ሁልጊዜ ይቀየራሉ። በተለይ የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ አንገቱ ተበጥሶ ፒስተኑን ሲበሳ የታየው ብዙ ጊዜ ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ እስከ 1970 (እ.ኤ.አ.) በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከዚያ ሲሊንደር በላይ ቆሞ ነፋሱን ይከልለዋል። ፋብሪካው ራሱ እሳቱን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍሉት ብዙ ዲስትሪቡተሮች ላይ የሦስተኛውን እሳት በጥቂት ዲግሪ አዘግይቶታል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ማቀዝቀዣው ከዚያ ቦታ ወጥቶ የራሱ ቤት ተሠርቶለታል። የዚህ ዓይነቱ የነፋስ ቆርቆሮ ከነማቀዝቀዣው ከተገኘ በአሮጌው ሞተር ላይ መግጠም የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ዕቃ ፍለጋ

የመጀመሪያው መሄጃ አዲስ አበባ፣ መርካቶና ሶማሌ ተራ ነው። አሮጌ ካርተር፣ ቮላኖ (ከኮሎው ጫፍ የሚታሰረው ከባድ መንኮራኩር)፣ የነፋስ ቆርቆሮና ዲስትሪቡተር የሚገኘው ከተበተነ መኪና ላይ ነው። አዲስ ነገር ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው፦ ቢትል፣ ማለትም እኛ ቮልስ የምንላት መኪና፣ በሜክሲኮ እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) ሲሠራ ስለቆየና በድምሩ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ፣ የሞተር ክፍሎቹ ዛሬም በብራዚል፣ በጀርመንና በቻይና ይወጣሉ። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የሚሰጠው ዝርዝር የዕቃውን ስም ሳይሆን ቁጥሩን መያዝ አለበት። የቮልስ የዕቃ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ111 ወይም በ113 ይጀምራል። «የቮልስ ፋሻ አምጣልኝ» ብሎ የላከ ሰው ያልታሰበ ነገር ይደርሰዋል። ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ ቫልቭ፣ የዘይት ሲልና የጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ስብስብ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ አራት ፒስተን ከነካሚቻው ግን የአንድ ሰው ሻንጣ ኪሎ ግማሽ ያህል ይወስዳል።

የመጣው ሁሉ ከመገጠሙ በፊት ይፈተሻል። የአራቱ ፒስተኖች ክብደት ከ10 ግራም በላይ መለያየት የለበትም፤ ሚዛን የሌለው ጋራዥ የወርቅ ሚዛን ይለምን። ፋሻው ብቻውን ወደ ካሚቻው ገብቶ በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል፦ ለላይኞቹ ሁለት ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር፣ ለዘይቱ ከ0.25 እስከ 0.40። ከጠበበ በሞረድ ይስተካከላል፤ ከሰፋ ይመለሳል።

አገጣጠም

በካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ፣ ጥርስ ላይ ያለው ነጥብ በኮሎው ጥርስ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል ይገባል። ብሮንዚናዎቹ በካርተሩ ውስጥ ባሉት ትናንሽ ፒኖች ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ካርተሩ ሳይዘጋ በእርሳስ ምልክት ማድረግ፣ ከተዘጋም በኋላ ዳዶ በጠበቀ ቁጥር ኮሎውን በእጅ ማዞር ይገባል። ከከበደ ወዲያው ይከፈታል። በኃይል የተዘጋ ካርተር ብሮንዚናውንም መቀመጫውንም ያበላሻል። በሁለቱ ገጾች መካከል ጓርኒሲዮን የለም፤ ስስ ማስቲሽ ብቻ ይቀባል። የበዛው ውስጥ ገብቶ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል።

የኮሎው የፊትና የኋላ ንቅናቄ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ይሁን። የሚስተካከለው በሦስት ስስ ቀለበቶች ነው፤ ሁልጊዜ ሦስት እንጂ ሁለት አይሆንም። የቮላኖው ትልቅ ዳዶ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ ይህን የሚያነብ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ጥቂት ነው። ቧንቧ በ36 ቁጥር ቁልፍ ላይ ሰክቶ አግድም አድርጎ፣ ከዳዶው 1.40 ሜትር ርቀት ላይ ውሃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ቢንጠለጠል የሚያጠብቀው ወደዚያው ይጠጋል። በመዶሻ እየመቱ ማጥበቅ ግን የቮላኖውን ፒኖች ያላላል፤ ቮላኖው ከተፈታ ኮሎው አብሮ ይበላሻል።

ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው ያያል። ከ1300 እስከ 1600 ባሉት ሞተሮች ከቴስታው እስከ ካርተሩ የሚሄዱት ቱቦዎች በሁለቱ የሲል መቀመጫዎቻቸው መካከል ከ190 እስከ 191 ሚሊ ሜትር ድረስ ቀስ ተብለው ይሳባሉ፣ ስፌታቸው ወደ ላይ። አለበለዚያ ሞተሩ በወሩ ዘይት ያንጠባጥባል። የቴስታው ዳዶዎች በሁለት ዙር ይጠብቃሉ፦ መጀመሪያ 10፣ ከዚያ ስታዱ (ካርተሩ ላይ የተሰካው ረጅም ብሎን) 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 31፣ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 25 ኒውተን ሜትር። «ትንሽ ልጨምርለት» ያለ ሰው ስታዱን ከማግኒዚየሙ ይነቅለዋል። የተነቀለውን ቀዳዳ በብረት ጥርስ ቀለበት ማደስ ይቻላል፤ ያለ ቀለበት በሙጫ መሙላት ግን አያዋጣም።

የሞተሩን ክፍል የሚከቡት ቆርቆሮዎችና ጎማዎች ሁሉ ይመለሱ። ብዙ ቮልሶች ያለ እነሱ ይነዳሉ፤ ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል፣ ቴስታውም ይቃጠላል። የቤንዚን ጎማው አዲስ ይሁን፤ ማጣሪያውም ከዲስትሪቡተሩ በላይ አይንጠልጠል። ቮልሶችን ያቃጠለው በአብዛኛው የተሰነጠቀ የቤንዚን ጎማ ነው።

ማሟሸት

2.5 ሊትር ዘይት ይገባል፤ 20-50 ለጎንደር አየር ይስማማል። ካንዴላዎቹ ሳይገቡ በሞተሪኖ (በማስነሻው) እየዞረ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ይጠበቃል። እሳቱ በ1-4-3-2 ተራ ይያያዛል፣ ፑንቲናው (በዲስትሪቡተሩ ውስጥ ያለው እሳት ቆራጭ) 0.4 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፣ ቫልቮች ሞተሩ ቀዝቅዞ በአብዛኞቹ ላይ 0.15 ይሆናሉ። ካምሻፍቱ አዲስ ከሆነ ሞተሩ እንደተነሳ በደቂቃ 2000 ዙር ገደማ ለ20 ደቂቃ ይያዛል፤ በዝቅተኛ ዙር ከተተወ ካምሻፍቱ በዚያች ሰዓት ይበላል።

የመጀመሪያው ጉዞ በከተማው ዳገትና በሊማሊሞ መንገድ መሆን የለበትም። ከማክሰኚት በእንፍራንዝ፣ በአዲስ ዘመን አልፎ ወደ ወረታ የሚደርሰው መንገድ፣ በተለይ የፎገራ ሜዳ፣ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ፍጥነቱን እየለዋወጡ፣ ማርሽ ሳያስጨንቁ መንዳት ይቻላል። በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ይለወጣል፣ ወንፊቱ ታጥቦ በውስጡ የቀረው ብረት ይታያል፣ ቫልቮቹም ዳግም ይለካሉ። ሞተሩ ከወንፊት ሌላ የዘይት ማጣሪያ ስለሌለው ከዚያ በኋላ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ይኸው ይደገማል። የአንዱ ቫልቭ ክፍተት በየልኬቱ እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ እየተለጠጠ ነው፤ በዚያው ቴስታው ይወርዳል እንጂ አስተካክሎ መንዳት አይቀጠልም።